የአባባ ቱቦና የአክስቴ ነጠላ ጫማ

ይድረስ ለምወድሽ እታለሜ ለናው ሰር ፖ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ? ባለቤትሽ ሳው ካሉ ደህና ነው? ያቺ ጥርስ የምታበቅለው ልጅሽ ታስተኛሻለች ወይስ እንቅልፍ ነሳችሽ? የፋብሪካው አለቃ ዛሬም ይጮህብሻል? እኛ፣ ቁጥራችን ቢጎድልም፣ አለን።

መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ አውቃለሁ። ግን ማን ወንዝ ተሻግሮ ይንገርሽ? ተቀምጠሽ አንብቢው።

የአባባ ሳል እንደጠረጠርሽው የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። በሳንባውና በጎድኑ መካከል ውሃ ሞልቶ ትንፋሹን ቀማው። ዱሮ ቢሆን ጎኑን በቢላ ቀድጄ ጣት የሚያህል ቱቦ እከትበት ነበር፤ በዚህ ክሊኒክ ስንቱን እንዳስጮህኩ አንቺም ከቤት ሆነሽ ሰምተሻል። አሁን እንደ ሩዝ ገለባ የቀጠነ ቱቦ መጥቶልናል። እዚያው አልጋው ላይ እንዳለ ጎኑን አደንዝዤ በመርፌ አስገባሁለት። ውሃውን በአንዴ ከለቀቁት ሳንባው ይቆጣል፤ ስለዚህ ጥቂት አፈሳለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ደግሞ አፈሳለሁ። አክስቴ ናው ሙ ፎ ቢጫውን ከረጢት እያየች፣ ይህን ሁሉ የሩዝ ጠጅ መቼ ተደብቀህ ጠጣኸው ስትለው ሳቀ። ሳል ሳያቋርጠው ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

በማግስቱ ቁርስ ላይ የመንግሥት ጦር አውሮፕላን መጣ። የመጀመሪያው ቦምብ ወጥ ቤቱን ከነሰዎቹ አነሳው። አባባን በቀርከሃ ቃሬዛ ይዘን ወደ መሸሸጊያው ጉድጓድ ሮጥን። መግቢያው ጠባብ ነው፤ ቃሬዛው ተቀረቀረና አባባ በሩ ላይ ተጋደመ። ከኋላችን የሚሮጠው ሰው ሁሉ ቀጥ አለ። እሳት እየወረደባቸው ቆሙ፣ እታለም። ሽማግሌን ተራምዶ ማለፍ ነውር ነዋ። ይህንንስ እየገረፈ ያስተማረን ማን ሆነና? እናንተ ደንቆሮዎች እለፉ እያልኩ ተሳደብኩ፤ የሰማኝ የለም።

ያኔ አባባ ቱቦው በመለሰለት ትንፋሽ ጮኸ፦ "ርገጡኝ! እርግማኔ ውጭ በሚቀረው ላይ ይውደቅ!"

ሰው ጎረፈ። ደረቱንም እጁንም እየረገጡ ገቡ። ቱቦው ተበጠሰ፤ አየር እንዳይገባበት ጫፉን በጣቶቼ ቆንጥጬ ያዝኩ። መጨረሻ ላይ አክስቴ ደረሰች። ታላቅ ወንድሜን በጫማ አልረግጥም ብላ ነጠላ ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ አለች። ቦምቡ ከጀርባዋ ወደቀ። ደሟ የአባባን ፊት ሞላው። የቀበርነው ያገኘነውን ያህል ነው። አንዱን ጫማ አውልቃ ነበር፤ ሌላው እግሯ ላይ ነበር።

ለአባባ ሌላ ቱቦ አስገባሁለት። ውሃው አልቋል፤ እንደ ጎረምሳ ይተነፍሳል። ግን አይናገርም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ያን ትንፋሽ ባትመልስልኝ ኖሮ አልረግማትም ነበር" አለኝ። ወጥቼ ግድግዳውን በቡጢ መታሁ። አንቺ ጻፊለት፤ ያንቺን ይሰማል። ቦምብ የሚጥለው እርግማን አይደለም በይው።

ሳው ካሉን በርታ በይልኝ። የልጅሽን ሁለቱንም ጉንጮች ሳሚልኝ። አባባም ባይናገር ይስምሻል። በደብዳቤዬ ጫፍ ሁልጊዜ "ብርድ እንዳይመታሽ፣ ደርበሽ ልበሺ" የምታስጽፈኝ አክስቴ ነበረች። ዛሬ የሚያስጽፈኝ የለም። ብርድ እንዳይመታሽ፣ ደርበሽ ልበሺ።

ወንድምሽ ሳው ለር ሙ
ሳልዊን ወንዝ ዳር፣ የሩዝ አጨዳ ሊጀመር ሲል፣ ጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ.