ሐይቅ ዳር ያጨበጨቡልኝ

ሆፕኪንስ፣ ጥቅምት 2011 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእቴትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ብርዱ ከመግባቱ በቀር ጌታ ይመስገን ደኅና ነን።

ባለፈው ቅዳሜ እኛ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ሐይቅ ዳር ወዳለች ትንሽ ከተማ ሄደን ነበር። ጡረታ የወጡ በጎ ፈቃደኞች አሮጌ የዓሣ መጋዘን አድሰው የኪነ ጥበብ ቤት አድርገውታል። ወንበር ደርድረው፣ ሾርባ ሠርተው ጠበቁን።

አባባ ያስተማረንን መዝሙር የመራሁት እኔ ነኝ። መሃል ላይ ስደርስ ዝም አልኩ። መብራቱ ዓይኔን ወግቶኝ ነው። ፈረንጆቹ ያለቀ መስሏቸው ቆመው አጨበጨቡ። አንዲት አሮጊት እጄን ይዛ፣ «አጨራረሱ እንዴት ያምራል» አለችኝ። የእኛዎቹ ግን መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ስንመለስ ሲንቄ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ መዝሙር ያስተማርኳት፣ «እትዬ ፀዳለ፣ ከእንግዲህ ትንሽ ይረፉ፤ እኔ እመራለሁ» አለችኝ። ለካ ቦታዬን ስትመኝ ኖራለች። ልጄ ሶሲም ከእሷ ጋር አብራ፣ «ማሚ፣ ጀስት ሬስት» ብላ የመኪናዬን ቁልፍ ወሰደችብኝ። ከሥራ ስወጣ ኒው ሆፕ ድረስ ድራይቭ አድርጌ፣ የድሮ ቤታችንን በር ስከፍት አሁን የሚኖሩበት ሰዎች አገኙኝ ብላ ነው። ሰው የኖረበትን ሰፈር ቢያይ ምን ነውር አለው?

እቴትዬ፣ እማዬን ያስታመምሻት አንቺ ነሽና፣ ያ ነገር ሲጀምራት ስንት ዓመቷ ነበር? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

ልጆችሽን በየስማቸው እየጠራሽ ሳሚልኝ። እኔ ስማቸውን ያልጻፍኩት ወረቀቱ ስላለቀብኝ ነው።

ወዳጅ እህትሽ፣
ፀዳለ