ቀድሞ የተለጠፈ ስም

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬም ሥራ። እስከ እኩለ ቀን የአሥራ ዘጠኝ ሰው ደም ቀዳሁ። አንድም ክንድ ሁለቴ አልወጋሁም። ስፈልግ ጎበዝ ነኝ እኮ!

ጓደኛዬ ግን እስካሁን አልመለሰችልኝም። አርብ የላኩላትን መልእክት አይታዋለች። አይታ ዝም። ምን አጠፋሁ? "ወፈርሽ" ያልኳት ነው? ቀልድ እኮ ነበር… ስንቴ ገብቼ እንዳየሁ ባልናገር ይሻላል። ኦንላይን ናት። ለሌላው ሰው ሁሉ ትስቃለች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ዘዴ አገኘሁ። የላቦራቶሪያችን ደንብ እንዲህ ነው፤ ታካሚው ይቀመጣል፣ ስሙን በራሱ አፍ ይናገራል፣ ደሙ ይቀዳል፣ ከዚያ ነው ስሙ ደሙ የገባበት ቲዩብ ላይ የሚለጠፈው። እኔ አሁን ጠዋት ባዶዎቹ ቲዩቦች ላይ የሁሉንም ስም ለጣጥፌ በወረፋቸው ተራ እደረድራለሁ። በየሰዉ መሀል ሁለት ደቂቃ ትተርፈኛለች። ለስልኬ። አለቃችን ቢያይ ቆዳዬን ይገፈዋል።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

"ጓደኛሽ እንደጠላችሽ በምን ታውቂያለሽ" ብዬ ስልኬ ላይ ፈለግኩ። አሥራ ሁለት ምልክት። አሥራ ሁለቱም አሉ! ልቤ ሲመታብኝ ደግሞ የልብ ምት ፈለግኩ። ከዚያ የልብ በሽታ… ምሳ ሰዓቴ አለቀ።

እህቴ ተቆጣች። "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ስልክ ጨረሰሽ። ባለፈው ካንሰር ነው ብለሽ አስለቅሰሽን ጨጓራ ሆኖ አልቀረም? የፈራሽውን ሁሉ ውሸት ነው በይው።"

እሺ። ውሸት ነው እላለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ወረፋው ጉድ ነበር። ስኳር ለመለካት በባዶ ሆዳቸው የመጡ አንዲት እናት ተራቸው ሲደርስ ከኋላቸው ላለችው ነፍሰ ጡር፣ "አንቺ ቅደሚ የኔ ልጅ፣ ሁለት ነፍስ ይዘሽ አትቁሚ" አሏት። እሷም ለስኳር ነው የመጣችው። ቀዳሁላት። ስልኬ ነዘረ። አየሁት፣ ማስታወቂያ ነው። ቀጥሎ እናትየውን ቀዳሁ። መረቁኝ። ደስ የሚሉ ሴት።

እሑድ፣ የካቲት 9

ልብስ እያጠብኩ መጣብኝ። ነፍሰ ጡሯ ስትቀድም… የእሷን ቲዩብ ፈልጌ ነው ያነሳሁት? ወይስ ተራው ላይ የነበረውን?

አይ። ያው የተለመደው ነው። በሩን ቆልፌያለሁ ወይ፣ ምድጃውን አጥፍቻለሁ ወይ… ውሸት ነው።

ግን ልብሱን ትቼ ስልኬን አነሳሁ። ቀኑን ሙሉ "የደም ናሙና ቢቀያየር" እያልኩ ሳነብ ዋልኩ። ለአለቃችን አንዴ ብደውልለት ያልቅ ነበር። አልደወልኩም።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ውጤቱ ያለበት መዝገብ ከወንበሬ ሁለት እርምጃ ነው። መክፈት አቃተኝ። ከከፈትኩት እውነት ይሆናል። ስልኬን ከፈትኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ነፍሰ ጡሯ እያለቀሰች መጣች። ስኳርሽ ከልክ አልፏል ብለናት ነበር። ሌላ ቦታ ብትለካ ምንም የለባትም። ሁለቱን ወረቀት አለቃችን ፊት ዘረጋች። እሱ ወደኔ ዞረ።

"ከማን ጋር ነው የተቀያየረው?"

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ሁሉንም ተናዘዝኩ፣ ቀድሜ መለጠፌንም። የእናትየውን ቁጥር ከመዝገቡ አውጥተን ደወልኩ። ልጃቸው አነሳች።

"እማዬ? ስኳሯ ደህና ነው ሲሏት ደስታዋ! የስኳር መርፌዋን እኮ ተወችው። ከትናንት ጀምሮ ግን ውኃ ውኃ ብቻ… አሁን ተኝታለች።"

"ቀስቅሺያቸው።"

ስልኩን ሳትዘጋ ሄደች። እማዬ… እማዬ… ከዚያ ጩኸት።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ሐኪም ቤት ነኝ። ትናንት ራሳቸውን ስተው የገቡት እናትየው እስካሁን አልነቁም። ሐኪሙ "እስቲ ዛሬን ይለፉ" ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለም። ከሥራ ታግጃለሁ። ስልኬን የት እንደጣልኩት እንኳ አላውቅም።

ልጃቸው ከክፍሉ ወጥታ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። ሁለት እጄን ያዘች።

"ባትደውዪልን ኖሮ እንደተኛች ትቀር ነበር። እግዜር ይስጥሽ። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ገዶት!"

እጄን ሳብ አደረግኩ።

"ደማቸውን የቀዳሁት እኔ ነኝ" አልኳት። "የሰው ደም በስማቸው ያደረግኩት እኔ ነኝ።"

እጄን አልለቀቀችም። ገና አልገባትም ነበር።