ሳፏጭ ከሰማሽ

ውድ ቬርና፣

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሆበርት፤ በገዛ እጄ! የማታ ትምህርት ቤት መምህሬ «እንዳንተ ቶሎ የገባው ሽማግሌ አላየሁም» ብላኛለች። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሽማግሌ ባይኖርም፣ ምስጋና ምስጋና ነው።

አንቺ እህትሽ ቤት ተኝተሽ የኢንሹራንሱን ፈቃድ ስትጠብቂ፣ እኔ ዛሬ ቻርልስተን፣ የግዛታችን ምክር ቤት ገባሁ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ኢንሹራንሶች «ቆይ፣ መጀመሪያ እኛ እንፍቀድ» እያሉ እንዳያጓትቱ የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ለኮሚቴ ቀርቦ ነበር። ለተናጋሪ ሁለት ደቂቃ ይሰጣል፤ ቀይ መብራት ከበራ አበቃ።

ታውቂኛለሽ፤ ፍሬን የከዳው የድንጋይ ከሰል መኪና ይዤ ቁልቁለቱን እያፏጨሁ የወረድኩ ሰው ነኝ። እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን የጻፍኩትን ወረቀት ሳልገልጠው ቀረሁ። አፌ ብቻውን ሄደ፦ «ክብርት ሰብሳቢ፣ እነዚህ ሰዎች ከደሞዜ ሲቆርጡ አንድ ቀን እንኳ ፈቃዴን ጠይቀውኝ አያውቁም!» አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ ሞቀኝና ደገምኩ፤ ሠለስኩ። ስምሽን ሳልጠራ ቀዩ በራ።

«እናመሰግናለን፣ አቶ ሆበርት» አለች ሰብሳቢዋ።

ከኋላዬ ተራዋን የምትጠብቅ ሕፃን የታቀፈች ሴት ተነሳች። «የኔን ደቂቃ ለሳቸው ሰጥቻለሁ» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ «አባባ፣ አሁን ግን እንዳታስቁን።»

አላሳቅኋቸውም። እየተደነቃቀፍኩ ወረቀቴን አነበብኩ፦ «ሚስቴ ቬርና ትባላለች። አንገቷ ላይ ያለው ካንሰር የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም።» ወረቀቱ ላይ ያልነበረ አንድ ቃልም ጨመርኩ፦ «እፈራለሁ።»

ኮሚቴው ረቂቁን በሙሉ ድምፅ አሳለፈው! ባርኔጣዬን ወደ ላይ ወረወርኩ። ሰብሳቢዋን ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባትና፣ «እንግዲህ የቬርና መድኃኒት ነገ ይመጣላ?» አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። «ሁለቱ ምክር ቤቶች ቢያጸድቁት እንኳ፣ ሕጉ ሥራ ላይ የሚውለው በመጪው ጥር ነው።»

ገና መጋቢት ነው፣ ቬርና።

መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። የገዛሁልሽ ቋሊማ የተሞላ የፔፐሮኒ ዳቦ አጠገቤ እየቀዘቀዘ ነው። አንድ ቀልድ ይዤልሽ ልመጣ ብዬ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ስለ ጥር በአፌ ልነግርሽ አልችልም፤ ስለዚህ ደብዳቤውን ለእህትሽ ሰጥቼ ደጅ እቆማለሁ።

ሳፏጭ ከሰማሽ ጀግንነት እንዳይመስልሽ። ቁልቁለቱም ላይ አልነበረም። ብቻ አንብበሽ ስትጨርሺ፣ ግባ በይኝ።

በገዛ እጁ የጻፈልሽ፣
ሆበርትሽ