ምሳርህ ያረፈበት እጅ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። በሕይወት ሳለህ አንድም ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። አንተ ማንበብ አትችልም ነበር፤ እኔም ፊደል የቆጠርኩት ስድሳን ካለፍኩ በኋላ ነው። አሁን ማን እንደሚያነብልህ አላውቅም። ለሌላ ሰው የማልናገረው ነገር ስላለብኝ ግን ላንተው እጽፋለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ቸሃ ያለው ጓሮህ ጠቧል፤ ከእንሰቱ ግማሹን ነቅለው ባሕር ዛፍ ተከሉበት። ባጃጅ እስከ ደጃፍህ ይመጣል። አንተ ተራራውን አቋርጠህ በሁለት ቀን ቡታጅራ የገባህበትን መንገድ ዛሬ ወጣቶቹ በመኪና ሄደው ለምሳ ይመለሳሉ። የሙት ዓመትህ ዕለት ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የወንድምህ ልጅ ተነሥቶ ታሪክህን ተናገረ፤ “ልጁን በምሳር ከባርነት ያወጣ ጀግና” አለህ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሐዘን መስሏቸው መሐረብ አቀበሉኝ።

ምን እንዳላለ አንተና እኔ እናውቃለን።

የሰጠኸኝ አንተ ነህ፣ አባዬ። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ፊደል መማሬ ለምን ይጠቅመኛል? ሰባት ዓመቴ ነበር። የቡታጅራው በርበሬ ነጋዴ “እንደ ልጄ አሳድጋታለሁ፣ ትማራለች” ሲልህ አመንከው። ዓመቱ ክፉ ነበር፣ ቤታችንም በላተኛው ብዙ ነበር፤ ይህን እንድረዳልህ ስንት ጊዜ ነግረኸኛል። ተረድቼልሃለሁ። ዛላ በርበሬ ሲቀነጥሱ የሚቃጠሉት ጣቶቼ ግን አልተረዱልህም። ስድስት ዓመት ከዚያ ግቢ አልወጣሁም። ደሞዝ የለ፣ ትምህርት የለ። በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም፤ “አንቺ” ነበርኩ። ባሪያ ያለኝ ሰው የለም። ባርነት በሕግ ቀርቷል ይባላል፤ የቀረው ስሙ ነው፣ ሥራውን እኔ እሠራው ነበር።

መስቀል በመጣ ቁጥር “ዘንድሮ እንወስድሻለን” ይሉኛል። የኛ ሰው ለመስቀል አገሩ ካልገባ ወይ ታስሯል ወይ ሞቷል፤ እኔ ልጅ ሆኜም ይህን አውቅ ነበር። አንተም ታውቅ ነበር። አምስት መስቀል ቦታዬ ክፍት ሆኖ ክትፎውን እንዴት እንደዋጥከው ጠይቄህ አላውቅም። ዛሬም አልጠይቅህም።

ደስታን ታስታውሰዋለህ? የዚያ ግቢ በረኛ። አያቱ ገበያ ላይ የተገዛች ነበረች ይባላል፤ ከየት እንደመጣች እሱም አያውቅም። ደስታ የሚለውን ስም ያወጡለት እነሱ ናቸው። ጸጉሩ ሸብቶ እንኳ “አንተ ልጅ” ይሉት ነበር። የበርበሬው ብናኝ አንቆኝ ሳስል ውኃ የሚያጠጣኝ እሱ ነው። “አይዞሽ፣ አንቺ እኮ አባት አለሽ” ይለኝ ነበር። በዚህ ቃል ስንት ቀን እንዳደርኩበት አታውቅም።

በስድስተኛው መስቀል መጣህ። ከደጅ ሆነህ “ልጄን!” አልክ። ጌትየው ከተቀመጠበት ሳይነሣ “እንዳትከፍት!” ብሎ ጮኸ። ምሳርህን አነሣህ። በአንደኛው ምት ሳንቃው ተሰነጠቀ፣ በሁለተኛው ስለቱ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ከደስታ ኋላ ቆሜ ነበር። ቀኝ እጁ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ሊከፍትልህ ይሁን ሊይዝብህ ይኸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሦስት ጣቶቹ ወደቁ። ጌትየውን ጭረት እንኳ አልነካውም።

እኔን ግን ይዘህ ወጣህ። ይህም እውነት ነው።

ከወር በኋላ ለዕርቅ ተቀመጥን። የተጎዳው “የቤቱ ሰው” ስለሆነ ይቅር ማለት ያለበት የቤቱ ጌታ ነው ተባለ። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ አሸክመው ከነጋዴው እግር ሥር አንበረከኩህ፣ እሱም ይቅር አለህ። ስለ እኔ ስድስት ዓመት ይቅርታ የጠየቀ አልነበረም። ማዕድ ሲቀርብ ደስታ እጅ ሊያስታጥብ መጣ፣ ቀኙ በጨርቅ ተጠቅልሏል። አንዱ ሽማግሌ እጁን ሰብስቦ “በግራህ ታስታጥበኛለህ? ነውር አታውቅም እንዴ?” አለው። ሰው ሳቀ። ተራው አንተ ጋ ደረሰ። አንተ ቀና ብለህ እንኳ ሳታየው ታጠብክ።

ከአንተ ያራቀኝ ያ ነው፣ ምሳሩ አልነበረም። ልጆቼን ሳሳድግ ግን ምሳሩን ከዚያ ንቀት አልለየሁላቸውም። “እጃችሁን አታንሡ፤ በጉልበት የተሰበረ በር የማንን እጅ እንደሚቆርጥ አታውቁም” እያልኩ አሳደግኳቸው። ትክክል የተናገርኩ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። እዚህ ወልቂጤ ከጎረቤቴ ግቢ አንዲት ልጅ አለች። ምሥራቅ ትባላለች፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ልብስ ስታሰጣ በአጥሩ ክፍተት እናወራ ነበር። አንድ ቀን አገርሽ የምትገቢው መቼ ነው ብላት “ለመስቀል ይወስዱኛል ብለዋል፣ እማማ” አለችኝ። ስንተኛ መስቀልሽ ነው አልኳት። በጣቷ ሦስት አሳየችኝ።

ልጄ ሰብስቤ ሲሰማ “እማዬ፣ እሺ በይኝ ብቻ፣ ያን በር ገንጥዬ ይዣት ነው የምወጣው” አለ። ይወጣም ነበር፤ ትከሻው ያንተ ነው። የከለከልኩት እኔ ነኝ። የዚያ ቤት በር ላይም ዘበኛ አለ፤ ጠዋት ጠዋት “እንዴት አደሩ እናቴ” የሚለኝ ሽማግሌ።

አቤቱታ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ቀበሌ ቢሮ ያለው ወጣት አነበበና “ጽሑፍዎ ቆንጆ ነው እማማ፣ ግን ማመልከት ያለበት ወላጅ ነው” አለኝ። የልጅቱን አገር አላውቀውም ነበርና ወደ ጎረቤቴ ሽማግሌ ላክሁ። ሰርግ ስላለብን ከዚያ በኋላ አሉን። ከሰርጉ በኋላ ደግሞ ለሰንበት ቀጠሩን። በመካከሉ ልጅቱን በአጥሩ አገኘኋትና የአባቷን ስምና መንደሩን ነገረችኝ፤ ቀጠሮው ስለቀረበ ወደ አባቷ መሄዱን አቆየሁት። ዕለቱ ሲደርስ ጎረቤቴ ራሷ በሩን በሰፊው ከፍታ ተቀበለችን። “ኧረ ግቡ! ልጅቷን ከሆነ አዲስ አበባ እኅቴ ጋ ልኬያታለሁ፣ እንድታስተምራት” አለች። ሽማግሌዎቹ መርቀው ተነሡ። እኔ የልብስ ማስጫውን ገመድ እያየሁ ቀረሁ።

ሰብስቤ ያን ማታ እራት ሳይቀምስ ተኛ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያንተ ምሳር የደስታን ጣቶች ወሰደ፣ እኔን አወጣኝ። የኔ ትዕግሥት ማንንም አላደማም፤ ልጅቱ ግን የለችም። ቄሱን ጠየቅኋቸው። “በቀል የእግዚአብሔር ነው” አሉኝ። እኔ የጠየቅኋቸው ስለ በቀል አልነበረም፣ ስለ በር ነበር።

ባለፈው ሳምንት አባቷን ፍለጋ ሄድኩ፤ መንደሩ ካንተ መንደር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ከምሥራቅ ዘንድ መምጣቴን ስነግረው ፊቱ በራ፤ “ትምህርቷን እንዴት ያዘችው?” አለኝ። አንተን ያየሁ መሰለኝ፣ አባዬ። ያኔ ማንም ሄዶ ያልነገረህ አንተን። ነገርኩት። ገብቶ ምሳሩን ይዞ ወጣ። “ልያዘው ወይስ ልተወው፣ እማማ? እርስዎ ብዙ አይተዋል” አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ መልስ የነበረኝ ይመስለኝ ነበር። ተወው አላልኩትም። ይኸው ጻፍኩልህ፤ ተወው አላልኩትም። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ “ከመሰንዘርህ በፊት ከበሩ ኋላ ማን እንደቆመ ጠይቅ። ስሙን ጠይቀው። እጅህን አንሣ በለው፣ እስኪያነሣም ጠብቀው።”

ሰብስቤ አብሮት ሄዷል። የእኅትየዋን ሰፈር የነገረው ያ የጎረቤቴ ዘበኛ ነው፤ በሹክሹክታ፣ ዞር ዞር እያለ። ትናንት ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈሩ። እስካሁን አልደወሉም። ጥሩ መክሬ ይሁን ሰው አስገድዬ፣ ይህን ስጽፍልህ አላውቅም።

እስካለሁ ድረስ ስምህን ቤተ ክርስቲያን አስጠራልሃለሁ። ከእንግዲህ ግን ለብቻህ አትጠራም። ደስታ ከሞተ ቆይቷል አሉኝ፤ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ አላገኘሁም። የክርስትና ስሙንም የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ለቄሱ በምሰጠው የስም ወረቀት ላይ ከስምህ አጠገብ “ደስታ” ብዬ ጻፍኩ፣ በራሴ እጅ። ጀግና ሲሉህ የእሱን እጅ አስታውሳለሁ። የሚነቅፍህ ሲመጣ ደግሞ ተራራውን ስንሻገር እጄን አንዴም እንዳልለቀቅከው እነግረዋለሁ። አንዱን ለማስታወስ ብዬ ሌላውን አልረሳም።

ልጅህ አስካለ