ስፖንጁ የወጣበት የሕፃን መቀመጫ

ለአየር ማረፊያው የዕቃ ፍተሻ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ጥቅምት 14

ጉዳዩ፦ ለጥበቃ ሠራተኛችሁ የተሰጠው የሕፃን የመኪና መቀመጫ ዛሬውኑ ከመኪናቸው እንዲወርድ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ልብስ ሰፊ ስሆን፣ ባለፈው ዓርብ የአንድ ዓመት ተኩል ልጄን ይዤ አባቱ ወደሚሠራበት አገር ተጉዣለሁ። በዚያ አገር ሕፃን ያለ ራሱ መቀመጫ መኪና ስለማይሳፈር መቀመጫውን ይዤ ወጣሁ። እስከ አየር ማረፊያም በታክሲ የሄድነው ልጁን እሱ ላይ አስረን ነው።

1. በፍተሻ ላይ የመቀመጫው ጨርቅ ሲተረተር በፌስታል የታሰረ ዱቄት ወጣ። ምን እንደሆነ ስጠየቅ አላውቅም አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ግን አላውቅም ያለ ሰው ሁሉ ሌባ ይመስላል። አውሮፕላኑ ሊነሣ ስለነበር መቀመጫውን መተዌን ፈርሜ ገባሁ። ፈታሾቹ ሥራቸውን ስለሠሩ ቅር አልተሰኘሁም። አባቱም መቀመጫ ተውሶ ስለጠበቀን ልጄ ደህና ነው።

2. እንደደረስኩ ወደ ባለቤቴ እናት፣ ወደ አማቴ ደወልኩ። ዱቄቱ የእሳቸው ኖሯል። የሻንጣው ኪሎ መሙላቱን ሲያዩ፣ እኔ ገበያ በወጣሁበት የመቀመጫውን ሽፋን ተርትረው፣ ከራስጌውና ከጎኑ ስፖንጁን ቆርጠው አውጥተው፣ ለልጃቸው ለባለቤቴ ያዘጋጁትን የሽሮ ዱቄት ጠቅጥቀው ሰፍተውታል። ስፌት ያስተማርኳቸው እኔው ስለሆንኩ አልነቃሁም። ስፖንጁ የት ደረሰ ስላቸው «ወገቤን ደግፌበታለሁ፣ ተመችቶኛል» አሉኝ። መሳቅም መቆጣትም አቃተኝ። መኪና ቢጋጭ የልጅ ጭንቅላት የሚያርፈው እዚያ ስፖንጅ ላይ ነው። ልጄ እስከ አየር ማረፊያ ያን ሁሉ መንገድ የሄደው ዱቄት ተደግፎ ነው። አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጃቸው ናፍቋቸው ነው።

3. ወዲያው ወደ ቢሮዎ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት ጸሐፊ፣ ዱቄቱ ተመርምሮ ምንም እንዳልተገኘበት፣ መቀመጫውም ተጥሎ ከሚቀር ክፍተቱ በአሮጌ ጨርቅ ተሞልቶና ተሰፍቶ በቅርቡ ሴት ልጅ ለወለዱ ጥበቃ መሰጠቱን ደስ ብሏቸው ነገሩኝ። ጨርቅ ጭንቅላት አያድንም፣ አስወርዱት ብዬ ለመንኩ። «እኛ ስናየው ደህና ነው፤ ቅሬታ ካለሽ በጽሑፍ አመልክቺ» ብለው ዘጉት። የሰውየውን ስልክ ግን አልሰጡኝም። ሲታይ ደህና መምሰሉን እኔም አልክድም፤ ሰፊዋን እኔን አታሏል።

በጽሑፍ ተባልኩ፣ ይኸው ጻፍኩ። እኔ ካለሁበት አገር ፈርሜ በስልክ የላክኩትን ማመልከቻ አሳትመው የቀረቡት አማቴ ናቸው፤ ስፖንጁንም ይዘውታልና እንዲያዩት እለምናለሁ። እሳቸውን ግን እባክዎ አይቆጧቸው፤ የእኔ ቁጣ ይበቃቸዋል።

መቀመጫው ይመለስልኝ አላልኩም። ሰውየው ልጃቸውን እንዳያስቀምጡበት ተነግሯቸው፣ መቀመጫው ሌላ ሰው እጅ ሳይገባ ተሰባብሮ ይወገድ። ለልጅቱ ደህናውን ገዝቼ የምተካው እኔ ነኝ።

ማመልከቻ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ተመርቶ፣ መልስ እስኪያገኝ ቀናት እንደሚወስድ አውቃለሁ። ሰውየው ግን ዛሬም ልጃቸውን ያሳፍራሉ። ስለዚህ ክቡርነትዎ ይህን ወረቀት ወደ መዝገብ ቤት ከመምራትዎ በፊት ስልኩን አንሥተው ይደውሉላቸው።

እጅ ነሥቼ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ የልጁ እናት