የኢኒድ ውርስና የሦስት ቀን ሀብታም

ይድረስ ስንት ባሕር ቢለየንም ከልቤ ላልራቅኸው ወንድሜ ራልፍ። እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? ጆይስ ደህና ናት? ልጆቹስ? እናንተ ዘንድ ኒውዚላንድ በጋው እየገባ ይሆናል፤ እኛ ጋ ነፋሱ ከወደቡ በኩል መጥቶ መስኮቱን ሲነቀንቀው ያድራል። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። እጄ ከብዕር ይልቅ መረብ እንደለመደ ታውቃለህ፤ ፊደሉ ከተንጋደደ አትሳቅብኝ።

ራልፍ፣ ዋሸሁህ፤ ደህና አይደለሁም። ከቤቴ ሊያስወጡኝ ነው።

ነገሩ የመጣው እህታችን ኢኒድ ሞታ በተወችልን ገንዘብ ነው። አንተ በድርሻህ ጣሪያህን አሳደስክ፤ ደግ አደረግክ። እኔ ግን ያ ሠላሳ ሺህ ፓውንድ ባንክ ሲገባልኝ እንቅልፍ አጣሁ። የምኖረው መንግሥት ለጡረታዬ በሚጨምርልኝ ማሟያና በኪራይ ድጎማው ነው። ይህ ደግሞ የሚሰጠው ለሌለው ሰው ነው። ታዲያ ባንክ ውስጥ ያን ያህል አስቀምጬ እጄን እንደ ድሃ ልዘርጋ? አላደርገውም አልኩ። ከባሕር ስንመለስ እናደርገው የነበረውን አደረግኩ።

መቼም አትረሳውም። ሦስት ሳምንት በረዶው ባሕር ላይ ዓሣ ስናወጣ ከርመን፣ የብስ ላይ ሦስት ቀን ብቻ፤ ሦስቱን ቀን ግን ጌቶች ነበርን። ታክሲ ቀኑን ሙሉ ይዘን፣ መጠጥ ቤቱ ላለው ሁሉ ከፍለን፣ ባሏ ላልተመለሰላት ሴት በበሯ ሥር ገንዘብ አሾልከን። ኪሱ ውስጥ ሳንቲም ይዞ መርከብ የሚወጣ ባሕሩን ያስቆጣል ይባል ነበር።

መርከብ ላይ አብሮን የነበረውን ሲሪልንና የሰፈሩን ሽማግሌዎች ታክሲ ውስጥ ጭኜ ዞርኩ። ያኔ የብስ ስንወጣ እንለብሰው የነበረውን ዓይነት ሱሪው ሰፊ የሆነ ሰማያዊ ሙሉ ልብስ እንኳ አሰፋሁ። ጎረቤቴ ኖሪን ደጅ ቆማ፣ “ምነው ክሊፎርድ፣ ሙሽሪት የታለች? ወይስ እኔን ልትወስደኝ ነው?” ብላ ሰፈሩን አሳቀችብኝ። “አንቺንማ ታክሲው አይችልሽም” አልኳት። የቀረውን፣ ማለት ብዙውን፣ ባሎቻቸው ባሕር ውስጥ ለቀሩት መበለቶች አካፈልኩ። በአራተኛው ቀን እጄ ባዶ፣ ልቤን ቀሎኝ ተኛሁ።

ከዚያ የድጎማው ቢሮ ጠራኝ። ያነጋገረችኝ ልጅ ክፉ አይደለችም። “አባባ፣ ይሄን ሁሉ ገንዘብ ምን አደረጉት?” አለችኝ። ደረቴን ነፍቼ ነገርኳት። “ለምን እንዲህ ተቻኮሉ ታዲያ?” ስትለኝ፣ “ገንዘብ ይዤ ከናንተ እንዳልወስድ ነዋ! ቶሎ ጨርሼ እንደ ድሮዬ ልሆን” አልኳት። ቃሌን ጻፈችው። በገዛ አፌ ታሰርኩ፣ ራልፍ። ድጎማው እንዳይቀርበት ብሎ ገንዘቡን የበተነ ሰው፣ በሕጋቸው ገንዘቡ አሁንም እጁ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። በሌለኝ ገንዘብ ሀብታም ተባልኩ። ማሟያውም ኪራዩም ቆመ። ማሞቂያውን አጥፍቼ ካፖርቴን እንደለበስኩ እተኛለሁ። አከራዩ ከገና በፊት ልቀቅ ብሎኛል። ሚስቴ ማቪስ ነፍሷ የወጣችው እዚህ ክፍል ነው፤ ወዴት እሄዳለሁ?

ከመበለቶቹ አንዷ፣ ኤድና፣ የተረፋትን ይዛ መጣች። “ውሰድ፣ አንተ ግትር! በብርድ ሞተህ እኔን ልታስወቅስ ነው?” አለችኝ። በሩን ዘጋሁባት። ዘግቼም እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። የሰጠሁትን ከመበለት እጅ መልሼ አልቀበልም።

ይግባኝ ብያለሁ። በነጻ የሚያማክረኝ ሰውዬ፣ “ድጎማን ሳያስቡ ድሮም እንዲህ ያደርጉ እንደነበር የሚመሰክርልዎ ሰው አለ?” አለኝ። ሲሪልን ባለፈው ወር ቀበርነው። የቀረኸኝ አንተ ነህ። ጻፍልኝ። ያኔ ከባሕር ስንመለስ ገንዘብ እንዴት እንደምንበትን፣ እናታችን እንዴት እንደምትረግመን፣ በአራተኛው ቀን ለትምባሆ ከእሷው እንደምንበደር፣ አንዱንም ሳትደብቅ ጻፍ። ይህን ለጆይስ እንዳልነገርካት አውቃለሁ፤ ከልጅነትህ ቁጥብ የነበርክ ይመስላታል። ስለ እኔ ብለህ እፈር። በዕድሜዬ ማንንም ለምኜ አላውቅም፤ አሁን እየለመንኩህ ነው። ገንዘብ ግን እንዳትልክ፤ እሱንም ይቆጥሩብኛል፤ ባይቆጥሩትም አልወስድም።

ጆይስን ትከሻዋን አቅፈህ ሳምልኝ። ግሬምን ከነሚስቱ ሰላም በልልኝ፤ ትንሿን ሄዘርንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ አጎትሽ ደህና ነው በላት። ኖሪን ሰላም ብላሃለች። መልስህን በእሷ ስም ላከው፤ እስኪደርስ እኔ በዚህ ቤት ላልኖር እችላለሁ።

ታላቅ ወንድምህ ክሊፎርድ
ግሪምስቢ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2012