ከስዕሉ ጀርባ ያለው ቋሚ

ገዛነው እማዬ! ቤቱን ገዛነው! ቁልፉ ይኸው ከፊቴ ተቀምጧል፤ አንድ መስመር ጽፌ አየዋለሁ፣ ሌላ መስመር ጽፌ ደግሞ እነካዋለሁ። አማችሽ ኤጀታ «ቁልፍ ክንፍ የለውም፣ ዝም ብለሽ ጻፊ» እያለ ይስቅብኛል፤ እሱ ራሱ ግን ጠዋት ከኪሱ ሲያወጣና ሲመልስ አይቼዋለሁ።

ውይ! ሰላም ሳልልሽ ወሬ ጀመርኩ። «ከደጅ ሳትገቢ ጓዳ ደረስሽ» ብለሽ ሳትቆጪኝ ልመለስ። እንዴት ነሽልኝ እናቴ? ጉልበትሽስ? ያ ሌሊት ሌሊት የሚጠዘጥዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ ለእኛ ስትይ ተሻለኝ እያልሽ ነው? የላክሁልሽን ቅባት ትቀቢዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አደልሽው? አሶሳ ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ስሙ ይክበርና ከኤልቃና ጉንፋን በቀር ቤታችን ሁሉ ጤና ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ይህ ወሬ በስልክ ስለማያልቅ ነው፤ ቀድሞ የሚያልቀው ካርዱ ነው። ወንድሜ ቢንያም ቀስ ብሎ ያንብብልሽ። እየዘለለ ካነበበ በኩርኩም በዪው።

ቤቱ ቀበና ነው፤ ከወንዙ ከፍ ብሎ፣ በሩ ላይ ሲቆሙ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ፊት ለፊት የሚታይበት። የድሮ የጭቃ ቤት ነው፣ ግን ሰፊ፣ ግቢው ውስጥ የኮክ ዛፍ ያለው። ከሁሉ በላይ ደረጃ የለውም። እንደምታውቂው እስካሁን ያየነው ሁሉ ወይ አራተኛ ፎቅ ነው ወይ እጃችን የማይደርስበት። አንቺን በዚያ ጉልበትሽ አራተኛ ፎቅ ባወጣሽ፣ ከዚያ ወዲያ ፀሐይን በመስኮት ልታዪ ነው። ስለዚህ ይህ ቤት ካመለጠን አንቺን ወደ እኔ የማምጣቱ ነገር አበቃ ብዬ ነበር። ለኤጀታም ብነግረው «እሱንማ እኔም አውቃለሁ» አለኝ።

ሻጩ ጋሽ ሠረቀብርሃን የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ስለሆኑ ልጃቸው ነፃነት ጋ ሊጠቃለሉ ነው። መቼም ጨዋታቸውን ብትሰሚ! መጀመሪያ ቀን ገና እንዳየችን ድመታቸው ብትሸሽ «አትፍሪ፣ ገዢ እንጂ ሌባ አይደሉም» አሏት። ዋጋውን ተስማማን። ነገር ግን ኤጀታ «እኔ ቤት በቀለሙ አይቼ አልገዛም» ብሎ ከቤተ ክርስቲያናችን ጌድዮን የሚባለውን መሐንዲስ ይዞ መጣ።

ጌድዮን በካቻቢቴው እጀታ ግድግዳውን ኳ ኳ እያደረገ ሲዞር ቆየና ሰርቪስ ቤቱ ጋ ሲደርስ የበሩን መቃን በጣቱ ጫን አለው። ጣቱ ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ሰተት ብሎ ገባ። «ምስጥ» አለ። ከዚያ ዋናው ቤት ገባን። ውስጠኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ከወለሉ የተነሳች የእርሳስ ውፍረት ያላት የአፈር መስመር ሽቅብ ወጥታ፣ ወጥታ፣ መጋረጃ ሥር ገባች። መጋረጃው ደግሞ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? የእመቤታችን ስዕል የተከለለበት።

እማዬ፣ ያን መስመር ሳይ ክው አልኩ። የአባዬ ሳጥን ነው የመጣብኝ። ከላይ ሲያዩት ደህና፣ ክዳኑን ስትከፍቺ የሠርጋችሁ ጋቢ እጅሽ ላይ እንደ አመድ በኖ የቀረው። ያን ቀን አላለቀስሽም፤ ቁጭ ብለሽ ዝም ነው ያልሽው። ለእኔ ምስጥ ማለት ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ዝምታሽ ነው።

ጋሽ ሠረቀብርሃን ኮክ ሊቆርጡልን ግቢ ወጥተው ነበር። ጌድዮን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የዚህ ቤት ጣሪያ ያረፈው ከዚህ መጋረጃ ኋላ ባለው ቋሚ ላይ ነው፤ እሱን ሳላይ ግዙ አልላችሁም» አለን። እኔ ኤጀታን አየሁት፣ ኤጀታ እኔን አየኝ፣ ሦስታችንም መጋረጃውን አየነው። ማን ይድፈር? አንቺ ብትኖሪ «ዞር በሉ» ብለሽ ተሳልመሽ ዘወር ታደርጊው ነበር። እኛ ግን ጴንጤዎች ነን። ሽማግሌው ኮክ በሰሃን ይዘው ሲገቡ «አስበንበት እንደውላለን» ብለን እያፈርን ወጣን። ኮኩን እንኳ አልበላንም።

ታክሲ ውስጥ የተጨቃጨቅነውን አትጠይቂኝ። «አንተ ጠይቃቸው፣ አባወራው አንተ ነህ» አልኩት። «አንቺ ጠይቂ፣ እናትሽ ኦርቶዶክስ ናት» አለኝ። «ጴንጤዎቹ መጥተው ማርያምን አወረዱ ተብሎ ቀበና ሙሉ ሲወራ ከዚያ ጎረቤት ጋር ነው የምንኖረው?» አለ ደግሞ። ሳይጠየቅ ቀናቱ ሄዱ። ሌላ ገዢም እየተመላለሰ ነው ሲባል ሰማሁ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ።

በመጨረሻ የደወሉት ራሳቸው ናቸው። ጨዋታ የለም፣ ቀልድ የለም። «ወይዘሮ ውዴ፣ መጋረጃውን አይታችሁ ስትንሾካሾኩ በመስኮት አይቻለሁ» አሉኝ። «ስዕሏን እኔ ይዣት ነው የምወጣው። ግን ቤቱን የተጸየፋችሁት እሷ ስለነበረችበት ከሆነ፣ ዕድሜ ልክ የተጸለየበትን ቤት ለእናንተ መሸጥ እኔም አልፈልግም።» እማዬ፣ እኔ ከደነገጥኩ ያንቺው ልጅ ነኝ፤ «በስመ አብ!» ነው ያልኩት። ከዚያ ባንድ ትንፋሽ «ምስጥ ነው ጋሼ! ምስጡ ከስዕሏ ኋላ ገብቶ ነው! ግለጡልን ማለት ድፍረት ሆኖብን ነው እንጂ መጸየፍ አይደለም!» አልኳቸው።

መስመሩ ተቆረጠ ስል ሳቃቸው መጣ፤ ስቀው ስቀው ሳል ያዛቸው። «አሁን እመቤቴ ምስጥ ደብቃ ቤት ታሻሽጣለች ብላችሁ ነው? በሉ ነገ ጠዋት ኑ፤ ያንን ካቻቢቴ ያዥ ልጅም አምጡት» አሉኝ።

በማግስቱ ስንደርስ ታጥበው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጸሎታቸውን ጨርሰው ጠበቁን። ኤጀታ ማንም ሳያዘው በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ። እሳቸው ተሳልመው መጋረጃውን ገለጡና «ና እንጂ አቶ ኤጀታ፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ፤ አትቆጣህም» አሉት። ሁለቱ ግራና ቀኝ ይዘው አወረዷት። የስዕሉ ጀርባ ችፑድ ነበር። ነበር ነው የምልሽ፤ እንደ ማር እንጀራ ተቦርቡሮ ነጫጭ ምስጥ ይርመሰመስበታል። ጋሽ ሠረቀብርሃን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ፤ ልክ እንዳንቺ ዝም አሉ። ለካ ስዕሉ ባለቤታቸው ሲዳሩ ይዘውት የመጡት ኖሯል። ያን ጊዜ ቤቱንም ረሳሁት፤ እባክህ ጌታ ሆይ ይቺ እንኳ ትትረፍላቸው አልኩ።

ጌድዮን ችፑዱን ቀስ ብሎ እየላጠ አነሳው። የተሳለበት ጨርቅ ከታች አንዲት ጥግ ተነክቷል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ይህን ሲነግራቸው ብድግ ብለው ግንባሩን ሳሙት። ቀጥሎ ወደ ቋሚው ዞረና ካቻቢቴውን በኃይል ቢሰነዝር ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ደግሞ ቢሞክር እንደዚያው። ፋቅ ሲያደርገው ቀይ ሆነ፣ ሽታውም ክፍሉን ሞላው። ጽድ ነው! አንዲት ቀዳዳ የለበትም። ምስጡ ቋሚውን መሄጃ መንገድ አድርጎት ኖሯል እንጂ አልቀመሰውም፤ ሲሳዩ ችፑዱ ነበር። ሽማግሌው ጨዋታቸው ተመለሰ፦ «ዋናውን ቤት አባቴ በጽድ አቆመው፤ ሰርቪሱን እኔ በባሕር ዛፍ ቀጠልኩበት። ምስጥ እንኳ አባትና ልጅ ለየ!» ኤጀታ እየሳቀ ጫማ አለማድረጉን ረስቶ ግቢ ወጥቶ ጭቃ ውስጥ ገባ።

ጌድዮን ሌሎቹንም ቋሚዎች አንድ ባንድ ፈትሾ «አሁን ግዙ» አለን። የሰርቪሱን እንጨት ማስቀየሪያና የምስጥ መድኃኒቱን እኛ እንቻል ብንላቸው «እናንተ ባትነግሩኝ ስዕሏን ከነምስጧ ለነፃነት ቤት ላበረክት አልነበር?» ብለው ሁሉንም እሳቸው አሠሩት። ስዕሏንም አዲስ ጀርባ እንዲገባላት እንጦጦ ለሚያውቁት ሠዓሊ ወሰዷት። እኛም ውላችንን ተፈራረምንና ወጣን። እማዬ፣ ያን ሌሊት እንዴት እንደተኛሁ! ባርኮት «እማዬ ታንኮራፊ ነበር» አለችኝ።

ያ ስዕሏ የነበረችበት ክፍል ያንቺ ነው። ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል፣ ከአልጋሽ እስከ ግቢው አንዲት መወጣጫ የለም። ግድግዳውን ቀለም ስናስቀባ ሠራተኛው ስዕሉ የተሰቀለበትን ምስማር ሊነቅል ሲል ኤጀታ «እሱን ተወው፣ እናታችን የራሷን ትሰቅልበታለች» አለው። እኔ ጓዳ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ።

በይ ቢንያምን ሳሚልኝ፤ ድምፁ እስኪዘጋ አስነበብኩት። ሚስቱን ሰርክን፣ አንቺን እንዲህ ስለያዘችልኝ ውለታዋን ፈጣሪ ይክፈላት በዪልኝ። ልጃቸውን ሳምራን ጉንጮቿን፣ አንዱን ለእኔ አንዱን ለባርኮት። ኤልቃና «አያቴ ስትመጣ ኮኩን ማን ያወርድላታል? እኔ!» ብሏል። ኤጀታ ጉልበትሽን ስሟል።

ልጅሽ ውዴ
አዲስ አበባ፣ የካ፣ ቀበና
ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይኸው ዋናውን ሳልጽፈው! የቤት ምርቃቱ ቅዳሜ ጥር 16 ነው። ጋሽ ሠረቀብርሃን ጠዋት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ተሳልመው ከነፃነት ጋር ይመጣሉ፤ ጌድዮንም አለ። ቢንያምም፣ ሰርክም፣ ሳምራም፣ ማንም እንዳይቀር፤ ቲኬቱን ኤጀታ ቆርጦ ይልካል። አንቺ ግን የመመለሻ አይቆረጥልሽም። ቅዳሜ፣ ጥር 16!